ለቅሶ ቤት የቀዳሁትን ድምፅ ምን ላድርገው?

ውድ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። በሶሻል አንትሮፖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎ አካባቢ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ሰፈራችን ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣነው።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ እድር ነው። ከመሀል ከተማ የተነሱ ሰዎች የድሮውን እድር እንዴት ይዘው እንደቆዩ፣ እዚህ ደግሞ አዲስ እንዴት እንዳቋቋሙ ማየት እፈልጋለሁ። እናቴ ራሷ እስከ ዛሬ ሁለት ቦታ ትከፍላለች። ፕሮፖዛሌ አልፏል። የመስክ ሥራዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል፤ ያለኝ ጊዜ ሦስት ወር ነው።

ከወር በፊት ብሎካችን ውስጥ አንድ አባወራ ዐረፉ። እኔም እንደ ሰፈር ልጅ ንፍሮ ሳዞር፣ ቡና ሳፈላ ሰነበትኩ። በሠልስቱ ማታ ሰው ሲበታተን ባለቤታቸው አጠገቤ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። ባላቸው ሳይነግሯቸው የእድሩን ክፍያ ለረጅም ጊዜ አቋርጠው ነበር። እድሩ ድንኳኑን በስንት ልመና ሰጠ፤ ገንዘቡን ግን ከለከላቸው። የአንገት ሐብላቸውን አስይዘው ነው የቀበሩት። ይህን ለማንም አልተናገሩም። እያለቀሱ ሲያወሩ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ መቅጃውን ከፈትኩት። አልነገርኳቸውም።

የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ታሪኩን ሲሰማ «ይሄማ ወርቅ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል» አለኝ። እናቴ ግን «ሀዘንተኛ ቤት ገብተሽ የሰው ገመና ሰረቅሽ» ብላ አኩርፋኛለች። ሴትዮዋ ደግሞ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ» እያሉ ይስሙኛል። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ድምፁን ዝም ብዬ ላጥፋው? ስማቸውን ቀይሬ ልጠቀምበት? ወይስ ሁሉንም ትቼ ማንም የማያውቀኝ ሰፈር ሄጄ ልሥራ?

ግራ የገባኝ፣ ከየካ አባዶ

---

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሰረቅሽ» የሚለው ቃል ከእናት አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መስማት ስርቆት አይደለም። ያን ማታ ለእኚያ እናት የሚሰማ ጆሮ ሰጥተሻቸዋል። ቤቱ ጭር ሲል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አንቺ አልሄድሽም። ይሄ በጎ ነገር ነው፤ አሁን በተፈጠረው ነገር አይጠፋም።

መቅጃውን ስትከፍቺ ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። እሳቸው ሲያወሩ የነበረው ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ የምታዳምጠው ተማሪዋ ሆነች። እሳቸው ደግሞ ተማሪዋ መኖሯን አላወቁም። እናትሽን ያመማት ይሄ ይመስለኛል። አንቺንም ደረጃ ላይ ዓይንሽን የሚያሰብርሽ እሱው ነው።

እስኪ ልጠይቅሽ። ስልኩን የከፈትሽው ለምን ነበር? ቃላቸው እንዳይረሳሽ ሰግተሽ ነው? ወይስ «ይሄ ነገር ለጥናቴ ይሆናል» ብለሽ? ለእኔ መመለስ የለብሽም። ለራስሽ ግን በደብተርሽ ላይ በግልጽ ጻፊው። የመስክ ማስታወሻሽ የመጀመሪያ ገጽ ይሄ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ያቀረብሻቸውን አማራጮች አብረን እንያቸው። ስም ቀይሮ መጠቀም ከሁሉም የቀለለ ይመስላል። እኔም በተማሪነቴ ያደረግኩት እሱን ነበር። ከከተማው ዳር ባለች አንዲት መንደር ስሠራ አንድ አባት ከወንድማቸው ጋር ስለተጣሉበት መሬት አጫወቱኝ። ጽሑፌ ላይ ስማቸውን ቀየርኩ። ነገር ግን «የወፍጮ ቤቱ ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። በመንደሯ የነበረው ወፍጮ ቤት አንድ ነው። ጽሑፉን የአካባቢው ልጅ አንብቦ ለወንድምየው ነገረው። በኋላ ስሄድ እኚያ አባት እንደ ወትሮው ወንበር አቀረቡልኝ፤ ቡና አስፈሉልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ስሜን ብቻ ነው የቀየርሽው?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያንቺን ነገር አስቢው። አንድ ብሎክ። በቅርቡ የሞተ አንድ አባወራ። ክፍያ ያቋረጠ። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገለጥ ቢያደርግ ስሙን ያገኘዋል። «ወይዘሮ ሀ» ብትያቸውም፣ የብሎኩን ቁጥር ብትደብቂም፣ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። እኚህ እናት የደበቁት ደግሞ የራሳቸውን ገመና ብቻ አይደለም። የሟች ባላቸውን ክብር ነው የሸፈኑት። ስለዚህ እሳቸው ሳያውቁ በተቀየረ ስም መጠቀሙን አልመክርሽም።

ድምፁን ዝም ብሎ መደምሰስስ? ለአንቺ እፎይታ ይሰጥሽ ይሆናል። ሆኖም ያኔም ሳትጠይቂያቸው ቀዳሽው፣ አሁንም ሳትጠይቂያቸው ልታጠፊው ነው። ነገሩ የእሳቸው ነው። ማን ያውቃል፣ «እድራችን በሌለኝ ሰዓት እንዲህ አደረገኝ፣ ይጻፍልኝ» የሚሉ ሴት ቢሆኑስ?

የሚቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ሄዶ መንገር። እንደሚያስፈራ ይገባኛል። ጊዜውን ግን ምረጪ። ወር ካለፈ አርባቸው ደርሷል ማለት ነው። አርባው እስኪወጣ ጠብቂ። እስከዚያ ድምፁን መልሰሽ አትስሚው፣ አትገልብጪው፣ ለማንም አታሰሚ። አርባው ላይ እንደ ማንኛዋም የሰፈር ልጅ እንጀራ ጋግሪ፣ ዕቃ እጠቢ። ጥቂት ቀን ቆይተሽ ረፋድ ላይ፣ ቤታቸው ጭር ሲል፣ ብቻሽን ሂጂ።

ነገሩን አታወሳስቢው። እንዲህ ብትያቸው ይበቃል፦ «እትዬ፣ የሠልስቱ ማታ ያጫወቱኝን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ሳላስፈቅድዎት ነው። በድያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የምማረው ስለ እድር ነው፤ የእርስዎ ታሪክ ለትምህርቴ የሚጠቅም መስሎኝ ነበር። እንዲጠፋ ከፈለጉ አሁኑኑ እዚሁ ፊትዎ አጠፋዋለሁ።» ከዚያ ዝም በይ። የሚሉትን ስሚ።

አሁን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ደረስን። እኔ የምፈራው «እምቢ» እንዳይሉሽ አይደለም። «እሺ ልጄ፣ ምን ችግር አለው» እንዳይሉሽ ነው። ይሉኝታችንን ታውቂዋለሽ። ንፍሮ ስታዞርላቸው የሰነበተችን ልጅ ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ስንት እናት አለ? ከውጭ በመጡ የምርምር መጻሕፍት ላይ ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ መፈረም ሊመስል ይችላል። በእኛ ሰፈር ግን አንዳንዴ ፊርማም የይሉኝታ ነው። ስለዚህ «እሺ» ቢሉሽ በዚያው ቀን አትቀበያቸው። «ዛሬ አይመልሱልኝ እትዬ፤ ያስቡበት፣ ልጆችዎንም ያማክሩ፤ ሳምንት እመጣለሁ» በያቸው። በሳምንቱ ስትሄጂ ወሬውን ቀየር ካደረጉ፣ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ካሉ፣ ወይም ዓይናቸው ወለሉ ላይ ከቀረ መልሱ «አይሆንም» ነው። አጥፊው፤ አመስግኚያቸው። ቡናቸውን ጠጪ። «ጻፊው» ብለው ራሳቸው ዝርዝር ከጨመሩልሽ፣ «ይሄን ግን እንዳታወጪ» ብለው ከለዩልሽ፣ ያኔ እውነተኛ ፈቃድ አግኝተሻል። ረቂቁንም ከማስገባትሽ በፊት በአማርኛ አንብቢላቸው።

የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሙያ መርሆ የሚጀምረው «ጉዳት አታድርሱ» በሚለው ነው። ፈቃድ ደግሞ አንድ ቀን ተጠይቆ የሚዘጋ ሳይሆን ጥናቱ እስኪያልቅ የሚታደስ ነገር እንደሆነ ሙያው ከተቀበለ ቆይቷል። ይሄን የምነግርሽ ለአማካሪሽም እንድታስታውሺው ነው። ምናልባት ድምፁ እንዴት እንደተቀዳ አላወቀ ይሆናል። «ወርቅ ነው» ሲልሽ በፈቃድ የተገኘ መስሎት እንደሆነስ? ሄደሽ በግልጽ ንገሪው። «ሳላስፈቅድ ነው የቀዳሁት፤ ባለታሪኳን እስክጠይቅ አልጠቀምበትም» በይው። ጥሩ አማካሪ ከሆነ ያከብርሻል። ቢጫንሽ እንኳ ጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው ያንቺ ስም ነው። ዘወትር ጠዋት ደረጃውን የምትወርጂው አንቺ ነሽ።

«ይሄ ከጠፋ ጥናቴ ምን ይቀረዋል?» ብለሽ ትሰጊ ይሆናል። አንድ ታሪክ ላጫውትሽ። ሕንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ሽሪኒቫስ በ1948 እ.ኤ.አ. በትውልድ አገሩ በማይሶር፣ በአንዲት መንደር ተቀምጦ አጠና። እንዳንቺው ከወገኑ መሀል ነበር የሚሠራው። በ1970 አሜሪካ ሳለ ይሠራበት የነበረው ማዕከል በእሳት ተያያዘ። ለዓመታት ያደራጃቸው ማስታወሻዎች ሦስቱም ቅጂ ተቃጠሉ። ከሐዘኑ ሲነሳ ካስታወሰው ተነስቶ ጻፈ። መጽሐፉ በ1976 ታተመ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። ያንቺ ደግሞ አንድ የድምፅ ቅጂ ነው። ገና ሦስት ሙሉ ወር ከፊትሽ አለ። (ቢሆንም ማስታወሻሽን በሁለት ቦታ አስቀምጪ። አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በኢሜይልሽ፤ በይለፍ ቃል ተቆልፎ።)

ሌላ ሰፈር ስለመሄድሽ። አስቤበታለሁ። እናትሽና ጎረቤቶችሽ ከተናገርሽ በኋላም ካልተረጋጉ፣ መሄዱ ሽንፈት አይደለም። ቦሌ አራብሳም ቱሉ ዲምቱም ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ሰዎች ሞልተዋል። ግን እዚያም ብትሄጂ እንግዳ ሆነሽ መቅረት አትችዪም። ሁለት ወር ቡና ከጠጣሽ «ልጄ» የሚሉሽ እናቶች እዚያም ይኖራሉ፤ ጥያቄውም ይከተልሻል። በዚያ ላይ ለመተዋወቅ ብቻ አንድ ወር ይሄድብሻል። ታዋቂው አንትሮፖሎጂስት ማሊኖውስኪ ከ1915 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ሲያጠና ድንኳኑን መንደሩ መሀል ተክሎ ነበር። ቋንቋ መማር፣ ሰው መልመድ ነበረበት። አንቺ ድንኳኑ ውስጥ ነው ያደግሽው። ሰፈርሽን ባትለቂው እመርጣለሁ።

ችግርሽ የማሊኖውስኪ ተቃራኒ ነው። ሁሉ ነገር ስለሚታወቅሽ ጥያቄ አይመጣልሽም። ስለዚህ የለመድሽውን እንደ አዲስ ጠይቂ። አራት ኪሎ እያላችሁ ጡሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሳይቀድ መርዶውን ይለፍፍ ነበር አይደል? እዚህ ሰው የሚሰማው በምንድነው? በስልክ ነው፣ በቴሌግራም ነው፣ ደረጃ መግቢያ ላይ በተለጠፈ ወረቀት? ድንኳኑ በየትኞቹ ብሎኮች መሀል ይተከላል፤ መኪና የሚያቆመው ሰው ምን ይላል? ብረት ድስቱና ትሪው የሚቀመጠው ኮሚናል ቤቱ ውስጥ ነው ወይስ ሰው ቤት? አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ለቀስተኛ ወጡን ማን ያወጣዋል? ተከራይ እድር ይገባል? ወንዶቹ ካርታ የሚጫወቱበት ጥግ የት ነው፣ ሴቶቹስ የት ይቀመጣሉ? ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ብዙ ገጽ ይሞላል። አንድ ድንኳን ከሚተከልበት እስከሚነቀልበት ድረስ ብትከታተዪ ከመቶ መጠይቅ የበለጠ ታገኛለሽ።

ርዕስሽ ግን ለሦስት ወር ሰፊ ነው። «ሁለት ቦታ የሚከፍሉ ሰዎች ለምን ይከፍላሉ?» በሚለው ላይ ብታተኩሪስ? አሥር ቤተሰብ ይበቃሻል። እናትሽን የመሰሉ ሴቶች ወር እየጠበቁ ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ድሮው ሰፈር የሚሄዱት ምን ፍለጋ ነው? ሲሞቱ የሚቀብራቸውን? ወይስ በሕይወት ሳሉ የሚያውቃቸውን? አዲስ አበባ ውስጥ እድር የተስፋፋው ከየአገሩ ወደ ከተማ የመጡ ሰዎች ዘመድ በሌለበት ቀባሪ ሲሹ ነው። አሁን ያ ሰው እንደገና ከሰፈሩ ሲነቀል ምን ሆነ? ይሄ ጥያቄ ሲያስጨንቀኝ የቆየ ነው፤ አንቺ ብትመልሺው ደስ ይለኛል። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ከአንቺ በፊት ተማሪዎች በእድር ላይ የሠሩትን ሁለት ሦስት ቀን አንብቢ። ተቋሙ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ያልታተመ ብዙ ሀብት አለው።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ ያሉትን ነባር ገበሬዎች ልታነጋግሪ አስበሻል? ካሰብሽ አፋን ኦሮሞ ትችያለሽ? ካልቻልሽ አስተርጓሚሽ ማን እንደሚሆን አሁኑኑ ወስኚ፤ የአንዱ ወገን ሰው ብቻ ከሆነ የምትሰሚውም የአንዱ ወገን ይሆናል። ካላሰብሽ ደግሞ ለምን እንደተውሻቸው ጽሑፍሽ ላይ አስፍሪ።

ከመጀመርሽ በፊት ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አውጪ፤ ወረዳውም እድሩም ይጠይቁሻል። የወረዳ ማኅተም ግን የሰዎቹ ፈቃድ እንዳይመስልሽ። የእድሩን ሰብሳቢ አስፈቅደሽ በወርሃዊ ስብሰባቸው ላይ አምስት ደቂቃ ለምኚ። ተነሺና ምን እንደምታጠኚ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ለምን እንደሚጠቅም ንገሪያቸው። «የማይፈልግ ሰው አይጻፍም፤ ዛሬ እሺ ብሎ ነገ ቢተወውም ቅር አይለኝም» በያቸው። ከዚያ አንድ ደማቅ ሽፋን ያለው ደብተር ግዢ። ቀይ ይሁን ቢጫ፣ ከሩቅ የሚታይ። ደብተሩ ሲወጣ ተማሪ ነሽ። ሳይወጣ የእናትሽ ልጅ ነሽ። ለቅሶ ቤት ውስጥ አታውጪው። ማታ ቤትሽ ገብተሽ የታዘብሽውን ጻፊ፤ ከማደርሽ በፊት። በአንዱ ቀለም ያየሽውን፣ በሌላው ያሰብሽውን። ስልክ ላይ መቅዳት ለተቀጠረ ቃለ መጠይቅ ብቻ ይሁን፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰውየው እያየው። የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅም አትርሺ፤ ሁሉን ልቅዳ ካልሽ ሦስት ወሩ በጆሮ ማዳመጫ ያልቃል።

እናትሽ ቀርታለች። ለእሷ መጀመሪያ ንገሪያት፤ ከሴትዮዋም በፊት፣ ከአማካሪሽም በፊት። «ልክ ነሽ እማዬ፣ ልጠይቃቸው ነበረብኝ። አርባው ሲወጣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» በያት። ልከተልሽ ብትል ግን እሺ አትበያት። ሁለቱ እናቶች አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ያ ሁሉ ይሉኝታ ተመልሶ ይመጣል፤ ሴትዮዋም «አይሆንም» ማለት አይችሉም። ይልቅ የእናትሽን ጥበብ ለሌላ ነገር ፈልጊው። የእድሩን ደንብ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ የትኛው ጥያቄ የትኛው ቤት እንደማይጠየቅ ከእሷ የተሻለ የሚያስተምርሽ የለም። «ለጥናቴ ቃለ መጠይቅ ላደርግልሽ ነው» ብለሽ ከፊቷ ቁጭ በይ፣ ደብተሩን አውጪ፣ ፈቃዷን ጠይቂ። የመጀመሪያዋ ተጠያቂሽ እሷ ትሁን።

ከእትዬ ጋር ስትነጋገሪ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እምቢ ካሉሽም ጻፊልኝ።